የድንጋይ ኅትመት አባት፤ የአሎይስ ሴኔፌልደር የሕይወት ታሪክ



ይህን የመታሰቢያ መጽሔት የሚገልጥ ሰው ፎቶግራፉንና ጽሑፉን ያያል እንጂ ቀለሙ በወረቀቱ ላይ እንዴት እንዳረፈ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እኔም ብሆን የኬሚስትሪ መምህራችን ቅባትና ውሃ የማይስማሙ መሆናቸውን ሲያስተምሩን እስከ ሰማሁበት ቀን ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር። መምህራችን በትምህርቱ መካከል አሎይስ ሴኔፌልደር የተባለ የአንድ ሰው ስም ጠሩ። በዛሬው ዘመን በዓለም ላይ ከሚታተመው መጽሐፍ፣ ጋዜጣና ማስታወቂያ አብዛኛው፣ ይህ ሰው ከ200 ዓመታት በፊት በችግር ላይ ሳለ ካገኘው ዘዴ የመጣ መሆኑን ስሰማ ታሪኩን ለመፈለግ ተነሣሁ። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሴኔፌልደር የተወለደው ኖቬምበር 6 ቀን 1771 በፕራግ ከተማ ነው። አባቱ የቴያትር ተጫዋች ስለ ነበረ ሥራው ወደ ወሰደው ከተማ ሁሉ ይሄድ ነበር፤ ልጁ በፕራግ የተወለደውም በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ ቤተሰቡ የፕራግ ሰው ሆኖ አይደለም። ይህን የትውልድ ቦታ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን። ቤተሰቡ በኋላ በባቫሪያ ዋና ከተማ በሙኒክ ተቀመጠ። ልጁ በትምህርቱ ጐበዝ ስለ ነበረ ሕግ ለመማር ወደ ኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ዳሩ ግን ልቡ ከአባቱ ሙያ አልራቀም፤ ገና ተማሪ ሳለ አንድ የቴያትር ድርሰት ጽፎ አሳተመ፤ ጥቂት ገንዘብም አገኘበት።

በ1791 አባቱ ሞተ። እናቱና ስምንት ወንድሞቹና እኅቶቹ ያለ ረዳት ቀሩ። ሴኔፌልደርም ትምህርቱን አቋርጦ እንጀራ ፍለጋ ወጣ። በቴያትር መድረክ ላይ ተጫዋች ሆኖ ሞከረ፤ አልቀናውም። ስለዚህ ወደ ድርሰቱ ተመለሰና ሌላ መጽሐፍ ጽፎ ለማተሚያ ቤት ሰጠ። የማተሚያው ሥራ ዘገየ፤ መጽሐፉም የላይፕሲግ የመጻሕፍት ገበያ ካለፈ በኋላ ደረሰ። ከሽያጩ የተገኘውም የማሳተሚያውን ዋጋ ለመክፈል ያህል ብቻ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ድርሰቱን እርግፍ አድርጎ ይተው ነበር። እርሱ ግን መጽሐፉን ሲጠብቅ በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ሥራውን ሁሉ ሲመለከት ሰንብቶ ስለ ነበረ፣ የራሱን ድርሰት በራሱ እጅ ለማተም ቈረጠ።

በዚያ ዘመን የታወቁት የኅትመት መንገዶች በዋናው ሁለት ነበሩ። ሁለቱም ወደ አገራችን ታሪክ የገቡ ስለ ሆኑ በዚሁ ምሳሌ ባስረዳ ይሻላል።

የመጀመሪያው እንደ ማኅተም ያለ ነው። በጽሕፈት ቤት ያለውን ማኅተም ያየ ሰው ፊደሉ ከፍ ብሎ፣ የቀረው ዝቅ ብሎ መቈረጡን ያውቃል፤ ቀለሙ የሚነካው ከፍ ያለውን ብቻ ነው። የእርሳስ ፊደል ተለቅሞ የሚታተም መጽሐፍም፣ በእንጨት ላይ ተቀርጾ የሚታተም ሥዕልም በዚህ ሕግ ይሠራል። በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ፣ ማለት ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በሮማ ከነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ በ1513 ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት፣ በዚህ መንገድ የታተመ ነው።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሥዕሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በስለት ወይም በአሲድ ተቈፍሮ ይሠራል። ቀለም በሰሌዳው ሁሉ ላይ ይቀባና ከላይ ያለው ተጠርጎ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ብቻ ይቀራል፤ ከዚህ በኋላ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በብርቱ መጫኛ ሲጨፈለቅ ወረቀቱ ቀለሙን ከጉድጓዱ መጥጦ ያወጣል። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የእንሰት ተክል ሥዕል አለ። በሲዳማ ምድር ቆጮ በልተን ያደግን ልጆች የምናውቀውን ይህን ተክል የአውሮፓ ሰዎች ከመዳብ ሰሌዳ በታተመ ሥዕል ተመለከቱት ማለት ነው።

ሁለቱም መንገዶች ገንዘብ ይፈልጋሉ። ለፊርማ ያህል እንኳ የሚሆን ጽሑፍ ለማተም ወይ በብዙ ሣጥን የሚሞላ የእርሳስ ፊደል መግዛት፣ ወይ የመዳብ ሰሌዳና የቀራጭ እጅ ማግኘት ግድ ነው። ሴኔፌልደር ሁለቱም አልነበሩትም። ስለዚህ በአንዲት የመዳብ ሰሌዳ ላይ ራሱ እየጻፈ በአሲድ እያስበላ ይለማመድ ጀመር። ጽሑፉ በወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ በሰሌዳው ላይ በመስተዋት እንደሚታየው ተገልብጦ መጻፍ አለበት። በሚሳሳትበትም ጊዜ ስሕተቱን የሚሸፍንበት ቅባት አስፈለገው፤ ይህንንም ከሰም፣ ከሳሙናና ከጥላሸት ቀምሞ አዘጋጀ። የእኛ አገር ቁም ጸሐፊዎችም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ያዘጋጃሉ፤ የሴኔፌልደር ቅመም የተለየው ግን በሰሙና በሳሙናው ነው። ይህም ልዩነት በኋላ ታላቅ ነገር ሆነ።

መዳቡ በተፋቀ ቊጥር እየሳሳ ሄደ። ሴኔፌልደር ቀለም የሚፈጭበት አንድ የኬልሃይም የኖራ ድንጋይ ነበረው፤ መዳቡን ለመቈጠብ ሲል በዚህ ድንጋይ ላይ የግልባጭ ጽሕፈት ይለማመድ ጀመር። ከኬልሃይምና ከዞልንሆፈን አካባቢ የሚወጣው ይህ ድንጋይ ደቃቅ፣ ጥቅጥቅ ያለና እንደ ሰሌዳ የሚላላጥ ነው። በእኛ በሀዋሳ ዙሪያ የሚገኘው፣ እሳተ ገሞራ የወለደው ቀላልና ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ለዚህ ሥራ ከቶ አይሆንም። (በዚያው በዞልንሆፈን ለኅትመት ድንጋይ ሲቈፈር በ1861 ላባ ያለው የጥንት እንስሳ ቅሪት ተገኝቶ አርኪዮፕተሪክስ ሊቶግራፊካ ተባለ፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍል የመጣው ከዚሁ ኅትመት ነው።)

አሁን ወደ ታወቀው ታሪክ ደረስን። በ1796 አንድ ቀን እናቱ ለአጣቢ የሚሰጠውን ልብስ ዝርዝር እንዲጽፍላት ጠየቀችው። አጣቢዋ ቆማ ትጠብቃለች፤ በቤት ውስጥ ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልተገኘም፤ የመጻፊያውም ቀለም ደርቋል። እርሱም ዝርዝሩን በዚያ በሰም፣ በሳሙናና በጥላሸት ቅመም በተወለወለው ድንጋይ ላይ ጻፈው። ወረቀት ሲገኝ ሊገለብጠው አስቦ ነበር። ሊያጠፋው በተነሣ ጊዜ ግን በድንጋዩ ላይ አሲድ ቢያፈስበት ምን እንደሚሆን ለማየት ፈለገ። አንድ እጅ አሲድ ከዐሥር እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ አምስት ደቂቃ ያህል አቈየው። አሲዱ ባዶውን ድንጋይ በላ፤ ሰሙ የሸፈነውን ግን አልነካም። ፊደሎቹም የካርታ መጫወቻ ውፍረት ያህል ከፍ ብለው ቀሩ።

ብዙ ሰዎች ሊቶግራፊ የተገኘው በዚያን ቀን ነው ይላሉ። እኔ ግን ነገሩን በደንብ ስመረምረው ይህ ትክክል ሆኖ አላገኘሁትም። ፊደሉ ከፍ ብሎ ከቆመ ያው የማኅተሙ ሕግ ነው፤ እንጨቱ በድንጋይ ተተካ እንጂ አዲስ የኅትመት ሕግ አልተገኘም። ደግሞም በአሲድ ድንጋይ አስበልቶ ጽሑፍ ማውጣት በባቫሪያ ቀድሞም የታወቀ ሥራ ነበር። የልብስ ዝርዝሩ ሴኔፌልደርን ወደ በሩ አደረሰው፤ በሩ ግን ገና አልተከፈተም።

ለዚህ ለመጀመሪያው ዘዴ እንኳ መጫኛ የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ሌላ ሰው ተክቶ በወታደርነት ለመግባትና ለዚሁ የሚከፈለውን 200 ጉልደን ለመቀበል አሰበ። ወደ ኢንጎልሽታት ሄዶ በመድፈኞች ክፍል ሊመዘገብ ቀረበ። በተጠየቀም ጊዜ የተወለደው በፕራግ መሆኑ ታወቀ፤ የባቫሪያ ተወላጅ ያልሆነ ሰው አይወሰድም ተብሎ ተመለሰ። የአባቱ መንከራተት በዚያን ቀን ከወታደርነት አዳነው። ገንዘቡን ባለማግኘቱ እጅግ አዝኖ እንደ ተመለሰ ግን መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ በኋላ ፍራንስ ግላይስነር ከሚባል የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ጋር ተባበረ። የሙዚቃ ኖታ በእርሳስ ፊደል ለመልቀም እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ በእጅ ጽፎ ከድንጋይ ማተም ትርፍ ነበረው። በ1796 የግላይስነርን መዝሙሮች አተሙ። ጥቂት ገንዘብ ገባ፤ መጫኛው ግን እየተበላሸ ብዙ ወረቀት አጠፋባቸው።

እውነተኛው ግኝት የመጣው በ1798 አካባቢ ነው፤ የመጣውም ከወረቀት ነው። ሴኔፌልደር አንድ ቀን ከአሮጌ መጽሐፍ ላይ ቅጠል ወስዶ በቀጭን የሙጫ ውሃ ውስጥ አሳለፈውና በስፖንጅ የዘይት ቀለም አስነካው። የታተሙት ፊደላት ቀለሙን ተቀበሉ፤ ባዶው ወረቀት ግን እርጥብ ስለ ነበረ አልቀበልም ብሎ ነጭ ሆኖ ቀረ። በላዩ ሌላ ወረቀት ቢጫነው ጽሑፉ ተገልብጦ ታተመለት። እዚህ ላይ ከፍ ያለም፣ የተቈፈረም ነገር የለም። ፊደሉና ባዶው ቦታ በአንድ ደረጃ ላይ ናቸው፤ የሚለያቸው አንዱ ቅባትን መውደዱ፣ ሌላው ውሃን መያዙ ብቻ ነው። ሴኔፌልደር ይህን ሕግ ወደ ድንጋዩ አመጣው። ራሱም ዘዴውን የኬሚስትሪ ኅትመት ብሎ ሰየመው፤ ሊቶግራፊ የሚለው ከግሪክ ቃል የተወሰደው ስም፣ ትርጓሜውም በድንጋይ መጻፍ ማለት፣ በኋላ የመጣ ነው። እኔ የፊተኛው ስም ይበልጥ ትክክል ይመስለኛል፤ ዛሬ ድንጋዩ ቀርቶ ኬሚስትሪው ቀርቷልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ በአሸዋና በውሃ ተፈግፍጎ ይለሰልሳል። ሠዓሊው በቅባታም እርሳስ ወይም ቀለም ይሥልበታል። ከዚያ የግራር ሙጫ ከጥቂት አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ይቀባል፤ ይህም ሥዕሉን በድንጋዩ ውስጥ ያጸናዋል፤ ባዶው ቦታም ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። ድንጋዩ በውሃ ይረጥብና ቀለም የተቀባ መዳመጫ ይሽከረከርበታል። ውሃ ያለበት ቦታ ቀለሙን ይመልሳል፤ ቅባት ያለበት ይቀበላል። በቅቤ የተቀባ ጠጕር ላይ ዝናብ ሲወርድ ውሃው እንዴት እየተንከባለለ እንደሚወርድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም።

እኛም በሳይንስ ክበባችን ሞክረነዋል። ከእብነ በረድ ነጋዴ ስባሪ ለምነን በአሸዋ ስንፈገፍግ ሁለት ቅዳሜ ፈጀን። የልብስ ሳሙና፣ ሻማና ጥላሸት አቅልጠን የከተማችንን ስም ጻፍንበት፤ ሙጫና የሎሚ ውሃ ቀባነው፤ ከአንድ ማተሚያ ቤት የተሰጠንን ጥቂት ቀለም አዳመጥንበት። የመጀመሪያው ወረቀት ጥቁር ብቻ ሆነ፤ ድንጋዩን በሚገባ አላረጠብነውም ነበር። ሁለተኛው ተቀደደ። በሦስተኛው ላይ ግን ሀዋሳ የሚለው ቃል ወጣ። ደስታችን ብዙም አልቈየም፤ ገልብጠን መጻፍ ረስተን ስለ ነበረ ስሙን ለማንበብ ወረቀቱን ወደ መስኮት ማንሣትና ከጀርባው ማየት ግድ ሆነ። ሴኔፌልደር ለዚህም መድኃኒት ነበረው፤ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጎ ጽፎ ወደ ድንጋዩ የሚያሻግርበትን ዘዴ አወጣ። ይህንንም ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ ይቈጥረው ነበር።

አንድ የታተመ ሥዕል በየትኛው መንገድ እንደ ተሠራ ለመለየት የሚፈልግ ሰው ጣቱንና ዓይኑን ይጠቀም። ከመዳብ የታተመ ከሆነ ቀለሙ በወረቀቱ ላይ ጐርበጥ ይላል፤ በዳርና ዳሩም የሰሌዳው ጠርዝ የጨፈለቀው መሥመር ይታያል። በብር ኖት ላይ በጣት የሚዳሰሰው ሻካራ ጽሑፍ ከዚሁ ወገን ነው። ከእንጨት የታተመ ከሆነ መሥመሩ ጠንካራ፣ ጥቁርና ነጩም በግልጽ የተለየ ነው። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ ያስተማረው ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ የሚታወቀው በዚህ በእንጨት ሥራ ነው። ከድንጋይ የታተመው ግን ለጣት ለስላሳ ነው፤ የእርሳሱ ግራጫና ጥላ ሁሉ ሠዓሊው እንደ ሣለው ሆኖ ይታያል፤ በመካከሉ የሌላ ቀራጭ እጅ አልገባበትምና። ስፔናዊው ጎያ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል በ1825 የበሬ ግጥሚያን ሥዕል በድንጋይ ላይ የሠራው ይህን ነጻነት ወድዶ ይመስለኛል። በሕንድና በፋርስ አገርም ሊቶግራፊ ለመጻሕፍት ሥራ በብዙ የተወደደው የጸሐፊውን የእጅ ጽሕፈት ሳይለውጥ ስለሚያትም ነው። ከ200 በላይ ለሆነው ለፊደላችን የእርሳስ ሣጥን ከማዘጋጀት ይልቅ የአንድ ቁም ጸሐፊ እጅና አንድ ድንጋይ ይበቃ እንደ ነበር ሳስብ፣ ዘዴው በጊዜው ወደ እኛ ቢደርስ ኖሮ እላለሁ።

ሴኔፌልደር በ1799 በባቫሪያ ለ15 ዓመት በዚህ ዘዴ ብቻውን እንዲሠራ ፈቃድ አገኘ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪኩ ብዙ መዞር ያለበት ነው። ዮሐን አንቶን አንድሬ ከተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ጋር ተዋዋለ፤ በ1800 ወደ ለንደን ሄደ፤ በ1801ም በዚያ የፈጠራ መብት ተቀበለ። ከዚያ በቪየና ሙዚቃ ለማተምና በጥጥ ጨርቅ ላይ ለማተም ሞከረ። ከነጋዴዎቹ ጋር በተዋዋለ ቊጥር ጥቅሙ ወደ ሌላው እጅ ይገባ ነበር። በንግድ በኩል ብልህ አልነበረም፤ ይህን የሚወዱት ሰዎች እንኳ መካድ የሚችሉ አይመስለኝም። ወደ ሙኒክ በተመለሰ ጊዜ ዘዴውን ሌሎች ተምረውት፣ አንዳንዶቹም የእኛ ነው ሲሉ አገኘ።

እንጀራው የተረጋጋው በ1809 ነው። የባቫሪያ መንግሥት ለግብር ሲል የአገሩን መሬት ሁሉ እያስለካ ካርታ ያስነሣ ነበር። ይህን ሁሉ ካርታ በመዳብ ማስቀረጽ ዘመን የሚፈጅ ስለ ሆነ በድንጋይ እንዲታተም ተወሰነ። ሴኔፌልደርም የዚህ የመንግሥት ሊቶግራፊ ክፍል ተቈጣጣሪ ሆኖ በዓመት 1500 ጉልደን ተቈረጠለት። የእነዚያ ካርታዎች ድንጋዮች ከ26 ሺህ በላይ ሆነው እስከ ዛሬ በሙኒክ ተጠብቀው ይገኛሉ።

ደመወዝ ካገኘ በኋላ ያደረገው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። በለንደን ሳለ ምሥጢሩ እንዳይወጣ ከሰው ተለይቶ ይሠራ የነበረው ይኸው ሰው፣ በ1818 የቅመሙን መጠን፣ የድንጋዩን አመራረጥ፣ የደረሰበትን ውድቀት ሁሉ ሳይደብቅ በመጽሐፍ ጽፎ አወጣ። መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተተረጐመ። ስለ ልብስ ዝርዝሩና ስለ ወታደርነቱ የምናውቀውም እርሱ ራሱ በዚያ ስለ ጻፈው ነው።

ይህ ጥበብ አገራችንንም ነክቷል። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች በካፒቴን ሐሪስ መሪነት ወደ ሸዋ ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሯቸው ነበር። በርናትስ ከባሕሩ ዳር በአሳል ሐይቅ በኩል እስከ አንኮበር ያየውን ሣለ፤ ሥዕሎቹም በ1852 በሊቶግራፍ ታትመው ወጡ። የደጋው ጭጋግና የቈላው ጠራራ በዚያ ለስላሳ ጥላ መውጣቱ የድንጋዩ ሥራ ነው። በርናትስ ኖሮ የሞተው ሴኔፌልደር በተቀበረባት በሙኒክ ነበር።

ድንጋዩ ከባድ ስለ ሆነ በኋላ በዚንክና በአሉሚኒየም ሰሌዳ ተተካ። በ1904 አሜሪካዊው አይራ ሩቤል ቀለሙ መጀመሪያ በጎማ ላይ፣ ከጎማው ወደ ወረቀት ሲተላለፍ ይበልጥ ጥርት ብሎ እንደሚወጣ ተመለከተ፤ ዛሬ በየማተሚያ ቤቱ ኦፍሴት የሚባለው መኪና ከዚህ መጣ። በኦፍሴት ሥዕሉ ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ በሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይጻፋል፤ እንደ እኛ የረሳ ሰው አይቀጣም።

ሴኔፌልደር እስከ መጨረሻው መሞከሩን አልተወም፤ በሸመገለ ጊዜ የዘይት ቀለም ሥዕልን በቀለሙ እንዳለ ለማተም ይደክም ነበር። በፌብሩዋሪ 26 ቀን 1834 በ62 ዓመቱ በሙኒክ ዐረፈ። በ1892 በበርሊን ከተማ ሐውልት ቆመለት። ሴኔፌልደር ድንጋዩን በእጁ ይዞ ተቀምጧል፤ ከሥሩ አንድ ሕፃን ስሙን በሐውልቱ መሠረት ላይ ሲጽፍ ይታያል፤ የጻፈውም ገልብጦ ነው። ሌላው ሕፃን መስተዋት ይዞ ያነብባል።